የቅዳሜና እሑድ ኦፕሬተር

ቅዳሜ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምሠራበት ኤክስካቫተር ሁለት ኦፕሬተር አለው፤ ሁለታችን ግን ተገናኝተን አናውቅም። ቋሚው ልጅ ቅዳሜና እሑድ ኮሌጅ ይማራል። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ መርካቶ፣ የማሽነሪ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ፊልትሮ፣ ጎሚኒና የባኬት ጥርስ እሸጣለሁ። እሱ ዓርብ ማታ የወረደበት ወንበር ላይ እኔ ቅዳሜ ጠዋት እወጣለሁ። አጭር ሰው መሆን አለበት፤ ወንበሩን ሁልጊዜ ወደፊት ስቦት ነው የማገኘው። የባኬቱ የቀኝ ጥርሶች ከግራዎቹ ይልቅ ተበልተዋል፤ ጠርዝ ሲቆርጥ በአንድ ጎን የሚጫን ሰው ነው ማለት ነው።

ዛሬ በስልክ ተዋወቅን። ያገናኘን ደግሞ አንዲት ቫልቭ ናት።

የሰው ማሽን ላይ ስወጣ የማደርገውን ሁሉ አደረግሁ። መጀመሪያ በእግሬ ዞርኩት፦ ዘይት፣ ውኃ፣ ሰንሰለት፣ ሆዞቹ፣ ከሥሩ መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር። ከዚያ ወጥቼ አስነሣሁት፤ በግራ በኩል ያለችውን ቀይ መቆለፊያ ፈታሁና ባዶ ቦታ ላይ እጀታዎቹን ቀስ እያልኩ ሞከርኩ። የግራ እጀታዬን ወደፊት ስገፋ አርሙ (ባኬቱን የያዘው ክንድ) መውጣት ሲገባው ቡሙ (ዋናው ክንድ) ወረደ።

በአብዛኛው ኤክስካቫተር የግራ እጅ ማሽኑን ያዞራል፣ አርሙን ያስወጣል ያስገባል፤ የቀኝ እጅ ቡሙን ያነሣል ያወርዳል፣ ባኬቱን ይጠቀልላል። በባክሆ የተማሩ ሰዎች ጋ ግን ሌላ ልማድ አለ፤ ቡሙ ወደ ግራ እጅ፣ አርሙ ወደ ቀኝ እጅ ይሄዳል። አንዳንድ ማሽን ላይ ይህን የምትቀያይር ቫልቭ አለች። የኛው ማሽን አንዱ ነው፤ የቫልቯ መክፈቻ በኋላ በኩል ነው። ባኬት ተሸክሞ፣ ሥሩ ሰው ቆሞ፣ እጅህ የለመደውን ሲሠራ ማሽኑ ሌላ ሲያደርግ አስበው።

ደወልኩለት።

«ወንድም፣ ቫልቯን አንተ ነህ ያዞርካት?»

«አዎ። እኔ የተማርኩት በባክሆ ነው፤ በዚያኛው እጄ እሺ አይለኝም።»

«ዓርብ ስትወርድ መልሳት እንግዲህ።»

«ብረሳስ?»

ጥያቄው ትክክል ነው። ተስማማን፦ ቫልቯ በሱ ልማድ ካደረች ግራ እጀታው ላይ ነጭ ጨርቅ ያስራል። እኔ ግን ጨርቅ ታሰረም አልታሰረም፣ ባዶ ቦታ ላይ መሞከሬን አልተውም።

እሑድ፣ የካቲት 2

ረዳቱ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ «ጋሼ» ይለኛል። ጠዋት ስመጣ ግራሶውን በየመገጣጠሚያው ሞልቶ ጨርሷል። ባኬቱ ላይ ያሉትን ሁለቱን ግን ዘሎአቸዋል፤ አፈር ውስጥ ገብተው ስለማይታዩ። የሚጮኹት እነሱ ናቸው፤ የሚበሉትም እነሱ። እንደገና አስደረግሁት። ትንሽ አኩርፏል።

እሑድ፣ የካቲት 9

እትዬ ማታ ደወሉ። የማሽኑ ባለቤት ናቸው። ባለቤታቸው የገልባጭ ሹፌር ነበሩ፤ ባላቸው ሲያርፉ እትዬ መኪናዋን ሸጠው፣ ዕቁባቸውን ጨምረው፣ የጎደለውን ተበድረው ይህን ማሽን ገዙ። ቡምን ከአርም አይለዩም። በሰዓት ግን የሚያታልላቸው ሰው አልተወለደም።

ማሽን የሚከራየው በሰዓት ነው። ቆጣሪው ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ ይሄዳል፤ ቆፈርክ ወይም ቆመህ ጠበቅክ፣ አይለይልህም። የጭቅጭቁ ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው። ተከራዩ፣ «ገልባጭ እስኪመጣ በሚኒሞ የቆመበትን ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። እትዬ ደግሞ፣ «ናፍጣዬ አልተቃጠለም? ዘይቱንስ በ250 ሰዓት የምቀይረው ቆፍሮ ብቻ የሠራውን ቆጥሬ ነው?» ይላሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ስለዚህ ጠዋት ሳስነሣና ማታ ሳጠፋ ቆጣሪውን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም እልካለሁ፤ ፎርማኑ የፈረመበት የሰዓት ወረቀትም አብሮ ይሄዳል።

ዛሬ የደወሉት ስለ ናፍጣ ነው። ከነነዳጁ በተከራየ ማሽን ላይ የኦፕሬተሩን እጅ የሚጠራጠረው ባለቤቱ ነው፤ ያለ ነዳጅ በተከራየው ላይ ደግሞ ተከራዩ። ጥርጣሬው ከሜዳ አልመጣም፤ በጀሪካን እየቀዱ የሚሸጡ መኖራቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የዛሬው የፍጆታ ጭማሪ ግን የመጣው ከመሬቱ ነው።

«ትናንት ልል አፈር ስንጭን ነበር እትዬ፤ ዛሬ ድንጋይ ገጠመን። ድንጋይ ላይ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ ነው የሚውለው።»

«ድንጋዩን ፎቶ አንሣልኝ» አሉኝ።

አነሣሁላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ብልህ ሴት ናቸው። ብዙ ባለማሽን የሊትሩን ቁጥር ብቻ አይቶ ሰው ያባርራል።

የእኔን ሰዓት ግን ፎቶ የሚያነሣው የለም። የሚከፈለኝ በቀን ነው፤ ቀኑ የት ላይ እንደሚያልቅ የተጻፈ ነገር የለም። ፎርማኑ «አንዴ ይቺን ጨርስልን» ሲል ቆጣሪው አንድ ሰዓት ይጨምራል፤ ያ ሰዓት የእትዬ ነው። የእኔ ቀን ያው አንድ ቀን ነው።

እሑድ፣ የካቲት 23

የዓድዋ በዓል ነው፤ ሳይቱ ግን አልተዘጋም። ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ስለደረሰ ጉድጓዱ መጠረግ አለበት ተባለ። ከሰዓት በኋላ ገልባጭ ስለጠፋ ካቢኑ ውስጥ ተቀምጬ የቀን ሠራተኞቹን ክርክር አዳመጥኩ። አንዱ ልጅ በዓል ላይ ለትርፍ ሰዓት ሁለት ተኩል እጥፍ እንደሚከፈል ይናገራል፤ ሌሎቹ ይስቁበታል።

ልጁ ትክክል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል። ከዚያ በላይ ለተሠራ ሰዓት ቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፤ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። ይህን ሁሉ የማውቀው በአንድ ትልቅ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ስሠራ የሠራተኛ ማኅበር ስለነበረን ነው፤ ሒሳቡ በየወሩ ወረቀት ላይ ይወጣ ነበር። እዚህ ውል የለም፣ ወረቀት የለም፤ የሚሠራው ስልክ ነው። «ነገ ትመጣለህ?» «እመጣለሁ።» ውሉ ይኼ ነው።

ልጁን ጠርቼ «ልክ ነህ» አልኩት። ደስ አለው። ከዚያ ዞር ብሎ ለጓደኞቹ «ኦፕሬተሩም ብሏል» አላቸው። እነሱ ግን ኦፕሬተሩም ቢሆን ያን ሁለት ተኩል እንደማያገኝ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ አሁንም ሳቁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሱቅ ነኝ። ዛሬ የቆሼ ቀን ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ረጲ ላይ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበት። ፍለጋው ላይ ከሠሩት ኦፕሬተሮች አንዱ የሱቃችን ደንበኛ ነው። ስለዚያ ሳምንት ብዙ አያወራም፤ የሚያወራውም ሙያውን ብቻ ነው። ባኬቱን ሞልቶ አያነሣም ነበር። በስሱ ገፍፎ፣ ዘርግቶ ይደፋዋል፤ ሰዎች በእጃቸው ያዩታል፤ ከዚያ ሌላ ስስ ሽፋን። በቀን ስንት ሜትር ኩብ እንደምታወጣ እየተጠየቅክ ያደግህበትን ሙያ እዚያ በግልባጩ ነው የምትሠራው። ያም ሆኖ ክምሩ ልል ስለሆነ የማሽኑ ክብደት ራሱ ሌላ ናዳ ያመጣል ብሎ ይሰጋ ነበር፤ ሃያ ቶን ሬሳ ከሚፈለግበት በላይ ማቆም ቀላል አይደለም።

ባለፈው ሐምሌ ገዜ ጎፋ ላይ መሬቱ ሲናድ ሰው በአካፋና በባዶ እጁ ሲቆፍር በቴሌቪዥን አይተናል። ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁሉ የማሽን ሰዎች ነን። ማሽን ቢኖርስ በየት መንገድ ይደርሳል ብለን ለብዙ ሰዓት ተከራከርን። ማሽን ተሸካሚው ሎቤድ የሚወጣው ዳገት እንዳልሆነ ሁላችንም ተስማምተን ዝም አልን።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6፣ ሌሊት

ዛሬ የወጣሁት ማታ ነው። ከባድ መኪና በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በዋና መንገዶች ላይ ስለሚከለከል አፈር የሚጓጓዘው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ከተማው ሲተኛ አፈሩ ይንቀሳቀሳል።

እዚህ ሥራ ላይ ያልነበረ ሰው የማያምነው ሒሳብ አለ። የሕንፃው ጉድጓድ 20 ሜትር በ15 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ነው እንበል። 900 ሜትር ኩብ። ባለንብረቱ 900ውን አንድ ገልባጭ በሚጭነው 16 ሜትር ኩብ ያካፍልና 56 ወይም 57 ቢያጆ ይበቃል ብሎ ገንዘቡን ይመድባል። አፈር ግን ሲቆፈር ይነፋል። የተጨቆነው ሸክላ ከቦታው ሲነሣ ሠላሳ በመቶ ያህል ስለሚጨምር ገልባጩ ላይ የሚወጣው ወደ 1,170 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ቢያጆው 73 ይሆናል። ያን ጊዜ ቢያጆ ቆጣሪው ልጅ ሰርቋል፣ ሹፌሮቹ ሳይሞሉ ወጥተዋል፣ ኦፕሬተሩ ተመሳጥሯል ይባላል። ስንቱ ሰው በዚህ የአፈር ንፋት ምክንያት ሌባ ተብሎ ተባርሯል! ዛሬ ማታም ይኸው ክርክር ተነሥቶ ቢያጆ ቆጣሪው ልጅ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ባለንብረቱን ጠርቼ አንድ ባኬት ካልተነካ መሬት ቆፍሬ አወጣሁና ያንኑ አፈር መልሼ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ሞልቶ ተረፈ። «ለካ!» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቢያጆ አልተነሣም፤ ስለ ዋጋው ግን ተነሣ።

የመጫኑ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ዙር፣ ማለትም ቆፍሮ፣ ዞሮ፣ ደፍቶ መመለስ፣ እጅህ ከሞቀ 20 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አንድ ገልባጭ 16 ወይም 17 ባኬት ይበላል፤ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ። መኪና ካልተቋረጠ በሰዓት አሥር ማስወጣት ይቻላል፤ ጉድጓዱ በአንድ ሌሊት ያልቅ ነበር። ግን አያልቅም፤ ምክንያቱም ማሽኑን የሚያስቆመው ቁፋሮው አይደለም፣ መድፊያው ነው። መድፊያው ሩቅ ነው፣ ወረፋ አለው፣ አንዱ መኪና ጎማው ይፈነዳል። ሁለት መኪና በተከታታይ ይመጣና ግማሽ ሰዓት ባዶ ይሆናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ሹፌሮቹ መስታወት ዘግተው ያንቀላፋሉ፤ ባኬቴን በቀስታ ከጎናቸው ላይ ሳሳርፍ ነው የሚነቁት። አንዱ ሹፌር ትልልቅ ድንጋይ መጀመሪያ እንዳልጥልበት ለመነኝ፦ «ወለሉን ሰብሮ ጨርሶታል ወንድሜ፤ መጀመሪያ አፈር አንጥፍልኝ።» አነጠፍኩለት። ይህን የሚያደርግለት ኦፕሬተር ብዙም እንዳልገጠመው ሲናገር ሰማሁ፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው፣ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ዛሬ ከፎርማኑ ጋር ተጣላን።

የጉድጓዱ ምሥራቃዊ ጠርዝ የጎረቤት ድንበር ነው። ከድንበሩ አንድ ሜትር ተኩል ገባ ብሎ የጭቃ ቤት አለ፤ ቆርቆሮው የዛገ፣ ግድግዳው በኖራ የተቀባ። አፈሩ ከላይ ሁለት ሜትር ያህል ጥቁር ነው። የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር፣ ለቡም ሆነ አቃቂ፣ ጠባዩ አንድ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። የደረቀ ሲቆረጥ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ስንጥቁ ከላይ የገባ ስለሆነ አንድ ቀን ውኃ ሲገባበት ያ ቀጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ፎርማኑ «እስከ ድንበሩ ቀጥ አድርገህ ቁረጠው» አለኝ።

«ቤቱስ?»

«ቤቱ የኛ አይደለም።»

በዚህ መሀል የቤቱ ባለቤት በምርኩዝ እየተደገፉ እስከ ጉድጓዱ ጫፍ መጡ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

«እማማ፣ ወደ ጫፉ አይጠጉ።»

«ልጄ፣ ብርጭቆዎቼ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ሲንጫጩ ነው የዋሉት። እኔ ነኝ የምንቀጠቀጠው ብዬ ነበር፤ ለካ ቤቱ ነው።»

«ስንት ዓመት ሆነው ቤቱ?»

«እኔ እንጃ። ልጆቼ ሁሉ እዚሁ ነው የተወለዱት።»

ፎርማኑን ወደ ጎን ጠራሁት። የማውቀውን ነገርኩት፦ ጠርዙ ወይ ዘንበል ብሎ መቆረጥ አለበት፣ ወይ ደግሞ በቁራጭ መሠራት አለበት። ሦስት ሜትር ቆርጦ የመደገፊያ ግንቡን መሥራት፣ ቀጥሎ ያለውን ሦስት ሜትር ሳይነኩ መዝለል፣ ግንቡ ሲጠነክር ተመልሶ የተዘለለውን መቁረጥ። የተቆፈረውን አፈርም ከጫፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ማራቅ፤ አሁን ጫፉ ላይ ተከምሯል፣ ሥሩ ደግሞ ብረት የሚያስሩ ልጆች አሉ። ፎርማኑ ሰምቶኛል፤ አልተቃወመም። ያለው ይህን ብቻ ነው፦

«በቁራጭ ከሆነ ማሽኑ ስንት ጊዜ ሊመላለስ ነው? ኪራዩን ማን ይከፍላል? ቋሚው ልጅ ቢሆን እስካሁን ቆርጦት ነበር።»

ይኼ ልክ ነው። ቋሚው ልጅ እምቢ ካለ ሰኞ ጠዋት ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ያገኛል። የኮሌጅ ክፍያውም ያንኑ ደመወዝ ነው የሚጠብቀው። እኔ እምቢ ብል የማጣው የአንድ ቀን ገንዘብ ነው፤ ሰኞ ሱቄ አለልኝ። ድፍረቱ የኔ ሳይሆን የሱቁ ነው ማለት ይቻላል። የእኛ አገር የግንባታ ደኅንነት «ተመልሼ የምሄድበት አለኝ» በሚል ሰው ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ብዙ ጉድጓድ የሚቆፈረው ያለ ደኅንነት ነው።

መቁረጡን ትቼ መሐሉን ስቆፍር ዋልኩ። ማታ ለእትዬ ደወልኩ። ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ቁራጩ ማብራራት ስጀምር አቋረጡኝ።

«ቤቱ ቢወድቅ ማንን ነው የሚይዙት?»

«መጀመሪያ ማሽኑን ነው እትዬ። ወዲያው ይታገታል።»

«በቃ ገባኝ።»

ይህችን በኋላ የጨመርኳት ናት፦ ለኮንትራክተሩ ደውለው ምን እንዳሉት አላውቅም። ረቡዕ ቋሚው ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፤ ጠርዙ በቁራጭ እየተቆረጠ ነው። ከፎቶው ሥር አንድ ቃል ብቻ ጽፏል፦ «ተገላገልኩ።»

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ስቅለት ነው። ሳይቱ ዝግ፣ ሱቁም ዝግ። ከሰዓት በኋላ ስግደት ሄጄ ጉልበቴ ተያዘ። የማሽን ሰው ጉልበት ከወንበር ውጭ አይረባም፤ ባለቤቴ ስታየኝ ሳቀች።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳይት ደረስኩ፤ ጥቁሩ አፈር ሙጫ ሆኗል። ሰንሰለቱ በሁለት ዙር ውስጥ ጭቃውን ጠቅልሎ ኳስ አከለ። ገልባጮቹ መግባት አልቻሉም፤ መግቢያው ላይ ገረጋንቲ ይደፋ ቢባል ገረጋንቲ የሚያመጣው መኪናም መግባት አለበት።

ፎርማኑ «ትንሽ እንጠብቅ፣ ፀሐይ ይወጣል» አለ። ሞተሩን አላስነሣሁም፤ ስለዚህ ለእትዬ ሰዓት የለም። ለተከራዩም ወጪ የለም። ሻይ የምትሸጠው ሴት ላስቲክ ሥር ተሰብስበን እስከ 7 ሰዓት ጠበቅን፦ እኔ፣ ረዳቱ፣ አራት ሹፌሮች፣ ቁጥራቸው የበዛ የቀን ሠራተኞች። የቀን ሠራተኞቹን 4 ሰዓት ላይ «ዛሬ ሥራ የለም» ብለው ሸኟቸው፤ የመጡበትን ታክሲ እንኳ አልሰጧቸውም። እኔን «አንተ ግን ቆይ» አሉኝ። ከ7 ሰዓት በኋላ ግማሽ ቀን ይታሰብልሃል ተባልኩ። ረዳቱ ስንት እንደታሰበለት ጠየቅሁት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ከግማሿ ግማሹን ሰጠሁት። ይህን የምጽፈው ደግነቴን ለማሳየት አይደለም፤ ማንም ተጠያቂ ሳይሆን አንድ ቀን እንዴት እንደሚጠፋ ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ነው።

የጎረቤቷን እማማ፣ ብርጭቆዎቻቸው ሰላም ናቸው ወይ ብዬ በአጥሩ በኩል ጠየቅኋቸው። ግንቡ ተሠርቶ አልቋል። «ቡና ጠጣ» ብለው ሊያስገቡኝ ነበር፤ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አይቼ እዚያው በአጥሩ ላይ ተቀብዬ ጠጣሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

እትዬ ዛሬ ሳይቱ ድረስ መጡ። ማሽናቸውን በአካል ሲያዩት ሁልጊዜ ትልቅነቱ ይደንቃቸዋል፤ ሰንሰለቱን በእጃቸው መታ መታ አድርገው ወደኔ ዞሩ።

«የመንገድ ፕሮጀክት አገኘሁለት። በጅማ በኩል። ስድስት ወር፣ ከዚያም ሊራዘም ይችላል። ልጁ ትምህርቱን አልተውም አለኝ። አንተ ግባበት፤ በቋሚነት።»

ደመወዙን ነገሩኝ። ጥሩ ነው። አበል አለው፣ ትርፍ ሰዓት አለው፣ ወረቀት አለው፤ በሰዓት የሚቆጠር ሥራ ነው። በእነዚህ ማስታወሻዎች ውስጥ ስንት ጊዜ ያማረርኩበት ነገር ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይመጣል።

ካምፕንም አውቀዋለሁ። ኮንቴነር ውስጥ አራት አልጋ፣ ሌሊት የጄኔሬተር ድምፅ፣ በወር አንዴ ወደ ቤት። ጎሬ–ማሻ መንገድ ላይ ስሠራ ዝናቡ በዓመት ውስጥ ሥራ የሚሰጠን ጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ ሌላውን ጊዜ ቆርቆሮ ሥር ካርታ እየተጫወትን ደመወዝ እንበላለን። ልጄ ትምህርት ቤት የገባችው እኔ ማሻ ሳለሁ ነው። ፎቶዋን ነው ያየሁት፤ ዩኒፎርሙ ሰፍቷት ነበር።

«እትዬ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሆነ አለሁ።»

«ቅዳሜና እሑድ ጅማ መንገድ ላይ ምን ያደርግልኛል?»

«አያደርግልዎትም። አውቃለሁ።»

«ሱቅ ውስጥ ፊልትሮ ስትሸጥ አያምርብህም» አሉኝ፤ ተቆጥተው ሳይሆን እንደሚያዝኑ ሆነው። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ማሽን ላይ ያለ ሰው ሰው ዘንድ ይታያል፤ ባንኮኒ ኋላ ያለው አይታይም። እኔም አንዳንዴ እንደዚያ ይሰማኛል። ግን ባንኮኒው ኋላ ሆኜ ነው ማታ ቤት የምገባው።

ኦፕሬተር እንደሚያገኙ አልተጠራጠርኩም። ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የሚል መንጃ ፈቃድ ኪሱ የያዘ ወጣት ብዙ ነው፤ ማሽን እስኪለቀቅለት የሚጠብቅ። ችግሩ ፈቃዱና እጁ ሁልጊዜ አለመመጣጠናቸው ነው። አንድ የማውቀውን፣ ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ ሲሠራ እዚያ የነበረ ሰው ስም ሰጠኋቸው።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ሎቤዱ መጣ። ማሽኑን ወደ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጉባ የነበረው ሰውዬ ከሥር ሆኖ በእጁ ይመራኛል። ምልክት አሰጣጡን አይቼ ሥራ እንደሚያውቅ ገባኝ፤ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ አይጮኽም። ሎቤድ ላይ ሲወጣ ዋናው አለመቸኮል ነው፤ ማሽኑ መወጣጫው ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደፊት ይወድቃል። ባኬቱን ዝቅ አድርጎ ያቺን ውድቀት መቀበል ነው። በሰንሰለት አራት ቦታ አሰርነው፤ ቡሙን አጠፍነው፤ ከፍታውን ለካን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዝቶበታል መንገዱ።

ቋሚው ልጅም መጥቶ ነበር። በአካል ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። አጭር አይደለም። ወንበሩን ለምን ወደፊት እንደሚስበው ጠየቅሁት፤ ከወንበሩ ኋላ ደብተርና መጽሐፍ ያስቀምጥ ነበር፤ ገልባጭ ሲጠፋ ያነባል። ቅዳሜ ፈተና ሲኖረው የዓርቡ ንባብ የሚያልቀው እዚያ ካቢን ውስጥ ነበር። አሁን የግማሽ ቀን ሥራ እየፈለገ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

አንድ ደላላ ደወለ። አያት አካባቢ ድንጋይ አለ፣ ሀመር የተገጠመለት ማሽን ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ።

«ሀመር ሠርተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ስንት ሰዓት ይወረዳል?»

«ሥራው ሲያልቅ ነዋ።»

«በ12 ሰዓት እወርዳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው በሰዓት ይታሰብ፤ ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ።»

ሳቀ። «ለቅዳሜና እሑድ ሰው?» አለና ባለቤቱን ጠይቄ እደውላለሁ ብሎ ዘጋው። አይደውልም ብዬ ነበር፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። 12 ሰዓቱ ይሁን ተብሏል፤ ወረቀቱን ግን ሳይት ላይ ከፎርማኑ ጋር ተነጋገር አለኝ። ረዳት የለም፣ ግራሶውን የምሞላው ራሴ ነኝ።

ሀመር ተራ ግራሶ አይበቃውም፤ ጫፉ ስለሚግል ሙቀት የሚችለውን፣ መዳብ ያለበትን ነው የሚፈልገው፤ ሲሞላም ማሽኑ ጫፉን መሬት ላይ ተጭኖ መቆም አለበት፣ ያለዚያ ግራሶው ያለቦታው ይገባል። በየሁለት ሰዓቱ ይህን ብቻዬን ስወርድና ስወጣ ልውል ነው። አንድ ነጥብ ላይ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አለመምታት፤ ካልተሰነጠቀ ቦታ መቀየር። ነገ ሱቅ ስገባ ሁለት ካርቶን ግራሶ አስቀርቼ፣ የጎሚኒ ጓንቴንና የጆሮ መከላከያዬን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። ቋሚው ልጅ እሑድን እንዲይዝልኝ ልጠይቀው አስቤያለሁ፤ ፈተናው ካለቀ።